ከሁለቱ በሮች መካከል የጠፋው ፓስፖርት

የሞሩላኔንግ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት በሮች አሉት። በግራው ላይ «አገር ውስጥ»፣ በቀኙ ላይ «ዓለም አቀፍ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም የሚከፈቱት ወደዚያው አንድ ሜዳ ነው። መንገደኞች ተለያይተው ይወጡና ከአንዲቷ አውሮፕላን ጥላ ሥር ተመልሰው ይገናኛሉ። ልዩነቱ ያለው ከበሩ በፊት ነው። ወደ ቀኙ በር የሚሄድ ሰው የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ሞአጊ መስኮት ላይ ማህተም ያስመታና አረንጓዴ ቀለም ወደተቀባች ጠባብ ክፍል ይገባል። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በሕግ ዓይን፣ ከአገር ወጥቷል። ሻይ ካማረው ግን ሻይ ሻጯ ማ ሴቦኒ አገር ውስጥ ቆማ በአጭሩ ግድግዳ ላይ አሻግራ ታቀብለዋለች።

ኦራቲሌ ፓስፖርቷን ያጣችው በዚህች ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ሰባት ነበር።

እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ከመንደሯ የተነሳችው ገና ሳይነጋ ነው፤ ግማሹን መንገድ በጀልባ፣ ግማሹን በጭነት መኪና። የጣሪያው ማራገቢያ ቀስ እያለ ሲዞር፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲንቀሳቀስ እያየች ዓይኗ ተከደነ። ስትነቃ የመሳፈሪያ ወረቀቷ በጣቶቿ መካከል እንዳለ ነው፤ ወረቀቱን በውስጡ ይዞት የነበረው ፓስፖርት ግን የለም። ቦርሳዋ አልተነካም፣ ሰዓቷ እጇ ላይ ነው። አንገቷ ሥር ደግሞ ስትተኛ ያልነበረ፣ በጥንቃቄ የተጣጠፈ ወፍራም ሻል አገኘች።

ኢንስፔክተር ኬባዲሬ ሲደወልለት ጫማውን አውልቆ፣ የፖሊስ ጣቢያው ወንበር ላይ ዓይኑን ከድኖ ነበር። በሞሩላኔንግ፣ በጥቅምት ቀትር፣ በትጋት የሚሠራ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሌላ አገር ነው የመጣው። ግማሽ ህልሙን እንደያዘ መኪናው ውስጥ ገባ። መንገዱ ላይ ሙቀቱ ውሃ መስሎ ይንቀጠቀጣል፤ በስተቀኝ ደግሞ እውነተኛው የወንዝ ሙላት ጸጥ ብሎ ሜዳ መስሏል። አንድ ጊዜ ሁለቱን መለየት አቅቶት መኪናውን ውሃ ውስጥ ነድቶት ያውቃል፤ ከተማው እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ተርሚናሉ ደጃፍ ላይ ራ ፔሎ ቆመው ጠበቁት። ራ ፔሎ መንገደኛውን ከነሻንጣው ሚዛን ላይ አውጥተው የሚመዝኑ ሰው ናቸው፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች የሁሉም ክብደት ሳይታወቅ አትነሳም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝነዋል፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ወር ነው። የአንዲትም ሴት ክብደት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም እያሉ ይኮራሉ።

«ዱሜላ፣ ራ» አለ ኬባዲሬ፣ ኮፍያውን አውልቆ፤ በአገሩ የሰላምታ ወግ ወንዱን ራ፣ ሴቷን ማ ብለው ያከብራሉ።

«ዱሜላ፣ ራ። እንዴት ዋልክ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«አለን። ገና እየዋልን ነው።»

ራ ፔሎ ሰላምታ ሲመልሱ ሰፊውን ጥቁር ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ኬባዲሬ ልብ አለው፤ ሙቀቱ ነው ብሎ አለፈው። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንድ ነገር ጎደለበት። ምን እንደሆነ ሊይዘው አልቻለም፤ ዕቃው ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ከእንቅልፍ ሲነቃ ህልሙን ለማስታወስ እንደሚታገል ሰው ትንሽ ቆሞ አሰበና ተወው።

ኦራቲሌ አረንጓዴዋ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ውስጥ እንቅልፍም ቁጣም ያለባት።

«ማ፣ ኢንስፔክተር ኬባዲሬ እባላለሁ።»

«ሰባት ተኩል ሆኗል። አውሮፕላኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይነሳል። ሁለት ሰዓት አለዎት።»

«ኢንስፔክተሩ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷ ጨለመ። «ይቅርታ፣ ራ። የመኖሪያ ፈቃዴ ነገ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። የምሠራው ሆላንድ ነው፤ የአትክልት ዘር የሚመረመርበት ቤት። ከነገ በፊት ገብቼ ካላሳደስኩ ሥራውም ቤቱም የለም። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ውሃ በላው ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆዩ?»

«እናቴ ናታ! ‹አንድ ቀን ጨምሪ፣ አንድ ቀን ጨምሪ› እያለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እሷው ገፍታ ጀልባው ላይ አስቀመጠችኝ። ‹ሂጂ እንግዲህ፣ ሰለቸሽኝ› አለችኝ።» ሳቀች። «እስክንርቅ ድረስ ከዳር አልተነሳችም።»

«ስልክ አለዎት?»

«የዚህን አገር ቁጥር ለአክስቴ ልጅ መለስኩላት። ይኼ እዚህ አይሠራም፤ ሰዓት ማያ ሆኗል።»

ኬባዲሬ ሻሉን አንስቶ አየው። ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ዘርፍ አለው፣ ጭስ ጭስ ይላል። «ይኼን ማን ሰጠዎት?»

«አላውቅም። ስነቃ አንገቴ ሥር ነው።»

«ሌባው ትራስ አበጅቶልዎት ነው የሰረቀው?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለች ኦራቲሌ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ አንድ ሰው ‹አይዞሽ› ያለኝ መሰለኝ። ህልም ይሁን እውነት አላውቅም።»

ኬባዲሬ በሃያ ዓመት ሥራው ብዙ ዓይነት ሌባ አይቷል። አይዞሽ የሚል ሌባ ግን ገጥሞት አያውቅም።

ክፍሏ ውስጥ ከእሷ ሌላ የነበረው ብቸኛ መንገደኛ ዊለም የሚባል የጎረቤት አገር፣ የዊንድሁክ ሰው ነው፤ የጀልባ ሞተር መለዋወጫ ይሸጣል፤ በወር አንድ ጊዜ በዚህ ያልፋል። ጥግ ተቀምጦ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ያልበዋል።

«ሆድዎን አመመዎት?»

«የለም። ደህና ነኝ።»

«ማን እንደገባና ማን እንደወጣ አይተዋል?»

«አየሁ። ማለቴ፣ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከመሳፈሬ በፊት እጸልያለሁ።»

«እጅዎን ከሆድዎ ያንሱልኝ።»

ዊለም ቀላ። ሸሚዙን ሲገልጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ወጣ፤ ከመጠቅለያው የደረቀ ዓሣ ጭራ ብቅ አለ። ክፍሏ በአንድ ጊዜ ወንዝ ወንዝ ሸተተች።

«ባለቤቴ ነፍሷ ነው» አለ ዊለም። «ጉምሩክ እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው።»

«ይወስድብዎታል። ይሁንና እኔ የምፈልገው ፓስፖርት ነው፤ ዓሣውን መልሰው ይክተቱት።»

ሰውየው ተነፈሰ፤ ውለታ መመለስ እንደፈለገ ሁሉ ጠጋ አለ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። በመጣሁ ቁጥር እዚህ ቤት ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ዛሬ ግን ሁሉም በእግር ጣቱ ነው የሚሄደው። በሽተኛ ያለበት ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።»

ያን ጊዜ ኬባዲሬ የጎደለውን ነገር ያዘው። ሬዲዮው ነው። ከማ ሴቦኒ የሻይ ምድጃ በላይ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው ሬዲዮ ዛሬ ዝም ብሏል። ቀና ብሎ አየው። መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ዙሪያውን ተጠቅልሏል።

«ተበላሽቶ ነው» አለች ማ ሴቦኒ፣ ሳይጠይቃት።

ከሞአጊ ጋር የተነጋገሩት በመስኮቱ ቀዳዳ ነው። ሞአጊ ልጅ እግር ነው፣ ጺሙን በቅርቡ ነው ማሳደግ የጀመረው፣ የዓለም ካርታ ከወንበሩ ጀርባ ሰቅሏል።

«ፓስፖርቷን ስታገላብጥ ቆየህ አሉ።»

«የሆላንድን ማህተም እያየሁ ነበር፣ ራ። እኔ ሁልጊዜ የሰው ማህተም ነው የማየው። የራሴ ባዶ ነው።»

«ባዶ ፓስፖርት ያለው ሰው የሞላ ቢያምረው አይገርምም።»

«በሷ ፎቶ እኔ እንዴት ልሂድ? ጺም አለኝ እኮ!»

«እሱን ጺም ካልከው» አለ ኬባዲሬ። «ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት የት ነበርክ?»

«አህያ ሳባርር።»

«የምን አህያ?»

«ማኮብኮቢያው ላይ አህያ ገብቶ። ከራ ፔሎ ጋር ወጣን።»

«ስንት ናቸው?»

ሞአጊ ወደ ካርታው ዞሮ አየ፣ እዚያ የተጻፈ ይመስል። «ሦስት።»

ራ ፔሎ ሚዛናቸውን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። «አዎ፣ አህያ አባረርን» አሉ። «ሁለት ናቸው። አንዷ እርጉዝ ናት፣ እሷን ቀስ ብለን ነው የሸኘናት።»

«ልጅቷ ክፍል ውስጥ ገብተው ነበር?»

«ሻንጣዋን ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ሃያ አንድ ኪሎ ተኩል።»

«የሷን ሻንጣ አልጠየቅኩም፣ ራ።»

ሽማግሌው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ያንኑ ቦታ ደጋግመው ወለወሉ። ላባቸው ከባርኔጣው ጠርዝ ሥር ወርዶ ጉንጫቸው ላይ ይፈሳል፤ አሁንም አላወለቁትም።

ማ ሴቦኒና ኬባዲሬ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ አትፈራውም። ሻዩን ስትቀዳ ቆሞ አያት። ኦራቲሌ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ሳንቲም ዘረጋች፤ ማ ሴቦኒ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቹን መልሳ ዘጋቻቸው። ሻይ ላይ ሁለት ማግዊኛ የሚሉትን የተጠበሰ ዳቦ ጨመረች፤ ትልልቆቹን መርጣ፣ ገና ከዘይት የወጡትን። ይህቺ ሴት ለገዛ ወንድሟ እንኳ በነጻ ሻይ ቀድታ አታውቅም።

«አህያዎቹን አይተሻል?» አላት።

«ኧረ መንጋ ነው! አምስት ይሆናሉ።»

«ሻሉ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። አንገቷ ተንጠልጥሎ አሳዘነችኝ።»

«ስታስገቢላት ፓስፖርቱ ነበር?»

«እኔ ያየሁት አንገት ነው። ፓስፖርት ምን ቤቴ ነው?»

«ጠዋት በጣቢያው በር ስታልፊ አይቼሻለሁ፣ ሴቦኒ። ሻል አልያዝሽም። በዚህ ሙቀት፣ እሳት ፊት እየዋልሽ፣ ቀትር ላይ ከቤትሽ ሻል ያስመጣሽው ለምንድን ነው?»

የማ ሴቦኒ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቆመ። ለአፍታ ዓይኗ ሞላ፤ ወዲያው ግን አፏን አገኘች። «አንተ ኬባዲሬ፣ የሴት ልብስ መቆጣጠር ጀመርክ? ቆይ፣ ለሚስትህ ካልነገርኩልህ!»

እሱም አልገፋትም።

ኬባዲሬ ወደ ማኮብኮቢያው ወጣ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሜዳው ባሻገር ሙቀቱ ዛፎቹን ከሥራቸው ነቅሎ አየር ላይ አንሳፍፏቸዋል፤ ተርሚናሉን ዞሮ ሲያየው እሱም ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሰለው፤ ቢነኩት ተንሳፍፎ ወደ ውሃው የሚሄድ። አንገቱን ደፍቶ አፈሩን እያየ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የአህያ ኮቴ የለም። የአህያ እበት የለም። ሦስትም ሁለትም አምስትም አህያ እዚህ አልረገጠም።

ከሕንጻው ጀርባ፣ የውሃው ታንከር ጥላ ሥር ግን ዱካ አገኘ። የራ ፔሎ ሰፊ ቦት ጫማ፣ የሞአጊ ሹል ጫማ፣ የማ ሴቦኒ ነጠላ ጫማ። ሦስቱም ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ረጅም ጊዜ ቆመዋል፣ አሸዋው ተረግጦ ጠንክሯል። ሦስት ሰዎች አንድ ፓስፖርት ለመስረቅ እዚህ መክረዋል። ሞአጊ ለጉጉቱ ይሁን እንበል። ራ ፔሎ ግን? ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው? ማ ሴቦኒስ? ማግዊኛ መርቃ የምትሰርቅ ሴት?

ጥላው ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ከደነ። ህልም የሚፈታው እንዲህ ነው፤ ሳይሮጡ፣ ቀስ ብሎ። ሬዲዮ ተነቅሏል። ሰባት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ምን ይላል? በዚህ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ የሞቱ ሰዎችን ስም፣ የመንደራቸውን ስም፣ የቀብራቸውን ቀን ያነባል፤ ሰው ጉርሻውን አቁሞ ይሰማል። ሰዎች በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ። ሻይ በነጻ ይቀዳል። ሴት በሙቀት ሻል ታስመጣለች፤ ሴት በሙቀት ሻል የምትደርበው ደግሞ የት ስትቀመጥ እንደሆነ እናቱን የቀበረ ሁሉ ያውቃል።

ይህ ተርሚናል ለቅሶ ቤት ሆኗል። ያልሰማችው የለቅሶው ባለቤት ብቻ ናት።

ራ ፔሎን ወደ ሻንጣ ማስቀመጫው ጠራቸውና በሩን ዘጋ።

«ባርኔጣዎን ያውልቁ፣ ራ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አወለቁት። ሽበታቸው በላብ ርሷል። ከባርኔጣው ውስጥ ሰማያዊ ፓስፖርት አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት፤ በዚህ አገር ክብር ያለው ነገር የሚሰጠው እንደዚያ ነው።

«እናቷ የሞተችባት ልጅ ፊት ባርኔጣ ደፍቼ ቆምኩ» አሉ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስርቆቱን ተወው፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ተደወለ። ማሎሜዋ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም። ሴትዮዋ ልጇን ከሸኘች በኋላ ከወንዙ ተመልሳ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ውሃ ስጡኝ አለች፤ ውሃው ሲመጣ የለችም። ‹ልጅቷን ያዙልኝ› አሉኝ። ‹እንዳትነግሯት፣ መንገሩ የኔ ነው፣ እየመጣሁ ነው።› አስር ተኩል ሳይሆን አይደርሱም፤ ወንዙን መሻገር አለባቸው።»

«ሞአጊ ማህተሙን አይሰርዝም?»

«ራሷ ካልጠየቀች አይችልም። ጠይቂ ብንላት ለምን ትለናለች። ለምን ካለችን አለቀ።» ራ ፔሎ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «ምን ላድርግ? የእናቷን ሞት ከአንድ ሚዛን መዛኝ አፍ ትስማ? ያለ ዘመድ፣ የሚደግፋት ሰው በሌለበት? ዝም ብል ደግሞ እሷ ሰማይ ላይ ሆና እናቷ አፈር ትገባለች። ተኝታ አገኘኋት። አይዞሽ ብዬ ወሰድኩት። እሰረኝ፤ አልከራከርህም። ብቻ ከአስር ተኩል በኋላ እሰረኝ።»

ኬባዲሬ ሻንጣ ላይ ተቀመጠ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ የፖሊስ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አንተ፣ ባለፈው ሳምንት የተቀበሩት አባትህ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጮኾበታል። አውቶቡሱ ሄደ፤ እሱ ገበያው መካከል ቆሞ ቀረ። አባቱን ካጣበት ሐዘን እኩል ያቺን ደቂቃ ይጠላታል። ረዳቱን እስከ ዛሬ አልማረውም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ተረዳቸው። ፓስፖርቱን ኪሱ ከትቶ አስር ተኩል ድረስ ቢፈልግ፣ ቢጠይቅ፣ ቢጽፍ ማንም አይከሰውም። ግን ነገ እኩለ ሌሊት የሚያበቃው የሷ ፈቃድ ነው፤ የሱ አይደለም።

«ሁላችሁም አሰባችሁላት» አለ ሲነሳ። «የጠየቃት ሰው ግን የለም።»

«እንዴት ይጠየቃል?»

«አላውቅም፣ ራ። እስከ አረንጓዴው ክፍል ድረስ ሃያ እርምጃ አለኝ፤ እያሰብኩ እሄዳለሁ።»

አውሮፕላኗ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች። አቧራው ገና ሳይበተን አብራሪው ወርዶ በሁለቱ በሮች መካከል ቆመ። ኬባዲሬ ኮፍያውን አውልቆ ኦራቲሌ አጠገብ ተቀመጠና ፓስፖርቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ተገኘ!» ብላ ዘለለች፤ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ራ! የት ነበር?»

«ልጄ፣ ተቀመጪ።»

ማ ብሎ ሲጠራት የዋለው ሰው ልጄ ሲላት ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቆመ። ተቀመጠች።

«የወሰደው ሰው አለ» አላት። «ማን እንደሆነ ከፈለግሽ እነግርሻለሁ፤ ልትከሺውም ትችያለሽ። ለምን እንደወሰደው ግን የመናገር መብት የለኝም። መብቱ የማሎሜሽ ነው። መንገድ ላይ ናቸው።»

ማራገቢያው ይዞራል። ዊለም እንኳ ጥግ ላይ መተንፈስ አቆመ።

«ማሎሜ?» አለች ኦራቲሌ። «ማሎሜ ውሃ ይፈራሉ። ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።»

«ዛሬ ወጥተዋል።»

ቀና ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ማ ሴቦኒ ምድጃዋ ላይ አቀረቀረች። ሞአጊ በመስኮቱ ቀዳዳ ዓይኑን ሰበረ። ራ ፔሎ ባዶ ራሳቸውን፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ኬባዲሬ ጥያቄዋን ጠበቀ። ጠይቃው ቢሆን ኖሮ ምን ይመልስ እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። እሷ ግን አልጠየቀችም። ከንፈሯን ብቻ አንዴ ነከሰች።

«አውሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ አለው» አላት። «ብትሳፈሪ የሚይዝሽ የለም፤ ሻንጣሽን እኔ ራሴ እሸከምልሻለሁ። ብትጠብቂም እንጠብቃለን። ያንቺ ነው።»

ኦራቲሌ ፓስፖርቷን ከፍታ የሆላንዱን ወረቀት አየችው። ቀኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አብራሪው ሰዓቱን አየ፣ ማንም አልቸኮለባትም። ከዚያ ተነስታ ወደ ሞአጊ ሄደች፤ ከአገር የወጣች ሰው ሳትሆን ከውጭ የገባች ሰው ሆና በተቃራኒው በኩል ቆመች።

«የመውጫ ማህተሙን ሰርዝልኝ።»

«እሺ፣ ማ።» ሞአጊ መዝገቡን ገለጠ፤ ብዕሩን ያዘ፤ ጭንቀቱ ከጺሙ በላይ ታየ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያት መጻፍ አለብኝ።»

ትንሽ አሰበች።

«‹ገና አልተነገረኝም› ብለህ ጻፍ።»

ጻፈው። ማህተሙን አነሳና መታው።

አውሮፕላኗ በሰዓቷ ተነሳች። ዊለም ዓሣውን አቅፎ፣ ሐዘኑ የራሱ ይመስል እያለቀሰ ተሳፈረ። ኦራቲሌ አገር ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማ ሴቦኒ ምድጃዋን አጥፍታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ራ ፔሎ ቆሙ። ሞአጊ መስኮቱን ዘግቶ ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኬባዲሬ ወደ ጣቢያው መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። የወንዙ ሽታ በተከፈቱት ሁለት በሮች ይገባል፤ ጥላው ይረዝማል፤ አምስቱም የአንድ ሰው ህልም ውስጥ እንዳሉ ሁሉ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የኦራቲሌ ዓይኖች ደረቅ ነበሩ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆና፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቀች።

አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ የጭነት መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ሁለት ሻል የደረቡ ሴቶች አንድ ቀጭን ሽማግሌ ደግፈው አወረዱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ዱሜላ፣ ልጄ።»

«ዱሜላ፣ ማሎሜ።»

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ማሎሜ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«አለን። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። የእርስዎስ መንገድ?»

«ውሃ በዛበት» አሉ ሽማግሌው። «ግን ተሻገርኩት።»

ሰላምታውን አንዱንም ሳትዘል መለሰች። ማሎሜ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ እጇን ያዙ።

«እናትሽ ናት» አሉ። «ዛሬ ጠዋት፣ አንቺን ሸኝታ። ውሃ ጠይቃ።»

«እሺ፣ ማሎሜ» አለች ኦራቲሌ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።